ነቀዝ ያልነካት ካርድ፦ ደብረ ታቦር ደርሼ የተመለስኩበት

ከደብረ ታቦር ከተመለስኩ ወዲህ የዕድራችን ሰዎች አንድ በአንድ እየመጡ «እስቲ አጫውተን» ይሉኛል። ለአራቱ አጫወትኩ። ለአምስተኛው ስናገር ዝናቡን ሁለት ጊዜ አዘነብኩት። ከዚህ በላይ ሳይበላሽ ብጽፈው ይሻላል ብዬ ነው። ትምህርቴ የቄስ ትምህርት ቤት ፊደልና ጥቂት ዳዊት ብቻ ስለሆነ አንባቢ ይታገሠኝ።

እኔ የጉለሌ ሰው ነኝ፤ ሥራዬም አንድ የማሺን ክፍል መጠበቅ ነው። ክፍሉ ውስጥ ኮምፒዩተር አለ። አምስት ቁም ሣጥን ጎን ለጎን ቆሞ ቢያጉረመርም እሱን ይመስላል። የሚሰማው በካርድ የተነገረውን ብቻ ነው። ካርዱ ጠንካራ ወረቀት ነው፤ ይበሳሳል፤ ቃሉ ቀዳዳው ያለበት ቦታ ነው። ተገልብጦ እንዳይገባ የእያንዳንዱ ካርድ አንድ ጥግ ከፋብሪካው ተቆርጦ ይመጣል። ካርዶቹ ቢበተኑ ቅደም ተከተላቸው እንዳይጠፋ ደግሞ ሁሉንም አስተካክዬ ይዤ በጎናቸው ላይ ሰያፍ መሥመር አሰምርባቸዋለሁ። መሥመሩ እስኪገጥም መደርደር ነው። ይህን ያስተማረኝ የለም፤ አንድ ቀን ስበትናቸው ጊዜ ተማርኩት።

መምህርት ሰብለ በዚያ ማሺን የምትሠራውን እንደገባኝ ልጻፍ። ምድር ማግኔት ናት። ከፀሐይ የሚነፍስ ነፋስ ማግኔቷን ወደ ኋላ እየገፋ እንደ ፈረስ ጭራ ያስረዝመዋል። ጁፒተርም ጭራ አለው፤ የሱ የባሰ ነው። በጭራው ውስጥ ወደ ምድር የሚመጣ የማግኔት መሥመርና ከምድር የሚሄድ መሥመር ጎን ለጎን ተወጥረው ይኖራሉ። ተጠግተው ሲጨናነቁ አንድ ቦታ ላይ ይበጠሱና አንዱ ከሌላው ጋር ተቀያይሮ ይቀጠላል። እዚያ ቆሞ ማየት ስለማይቻል ሰብለ በማሺኑ ውስጥ የቁጥር ጭራ ትሠራለች። ሥራው የዓመታት ነው። የመበጠሻውን ክፍል የጻፈው ይስማው የሚባል ተማሪዋ ነበር፤ እሱ ለዘመቻ ወደ ደብረ ታቦር ተመድቦ ሄደና እዚያው አስተማሪ ሆኖ ቀረ።

የመበጠሻው ካርዶች ያሉበትን ሳጥን ያጠፋሁት እኔ ነኝ። በክፍላችን ልማድ ስም የሌለው ሳጥን ጽዳት ሲደረግ ለቅመም ሻጮች መጠቅለያ ይሰጣል። የሰብለ ስም የተጻፈበት ወረቀት ከሳጥኑ ላይ ወድቆ ነበር፤ ወረቀቱን ጠርጌ የጣልኩትም እኔ ነኝ። በሳምንቱ ገበያ ወርጄ በርበሬ ስገዛ የጁፒተርን ጭራ በርበሬ ተጠቅልሎበት አገኘሁት።

ሰብለ አልተቆጣችኝም። «ይስማው ቅጂ ይዞ ሄዷል፤ ግን እኔ ከከተማ መውጫ ፈቃድ አላገኝም» ብቻ አለችኝ። ማሺኑ ተነቅሎ ወደ ሌላ መሥሪያ ቤት ሊሄድ ነበር፤ ለሷ የቀረው የወዲያኛው ሳምንት ረቡዕ አንድ ቀን ብቻ ነው። ብትቆጣኝ ኖሮ ቤቴ እቀመጥ ነበር። ስላልተቆጣችኝ ሄድኩ።

ለመውጫ ፈቃድ ቀበሌ ስሄድ ጸሐፊው «ምን ልታመጣ ነው?» አለኝ።

«ወረቀት።»

«ወረቀት አዲስ አበባ የለም?»

«ያልተበሳ አለ» አልኩት። ትንሽ አየኝና ማህተሙን አሳረፈበት።

ሰኞ ማለዳ በአውቶቡስ ተነሣን። የዓባይን በረሃ ስንወርድ ከጎኔ የተቀመጠች ሴት ዓይኗን ጨፍና ጸለየች፤ ሹፌሩም ጨፍኖ እንዳይሆን እያየሁ ወረድኩ። ደብረ ማርቆስ አደርን። አልጋው ደህና ነው፤ ከቤቴ አልጋ የሚለየው መሃሉ ጎድጎድ ስለሚል ሰውን አንድ ቦታ ማስተኛቱ ነው። ሁዳዴ ስለነበር ሽሮ በላሁ። ማክሰኞ ባሕር ዳር ገባን። እዚያ በጾም ዓሣ ይበላል አይበላም የሚል ክርክር በየምግብ ቤቱ አለ። ሁለቱንም ወገን አዳመጥኩና ሽሮ በላሁ።

ረቡዕ ወረታ ላይ ከዋናው መንገድ ወጥተን ኮረኮንቹን ሽቅብ ያዝነው። ጎማ ሁለት ጊዜ ፈነዳ። ሁለተኛው ሲፈነዳ ሹፌሩ «ይህቺ እንኳ የምጠብቃት ነበረች» አለ። ደብረ ታቦር የደረስነው ፀሐይ ሲያዘቀዝቅ ነው። ብርዱ የእንጦጦ ብርድ ነው፤ ልዩነቱ፣ ከእንጦጦ ወርዶ ወደ ቤት መግባት ይቻላል።

ይስማው የሚኖረው በገበያው አጠገብ፣ ጋሽ ሰይድ ከሚባሉ ሸማኔ ቤት በኪራይ ነው። ሰይድ ሃምሳ ዓመት የሚሆናቸው፣ ትከሻቸው ሰፊ ሰው ናቸው። ባለቤታቸው ወይዘሮ ከድጃ ገና ከበር ሳልገባ «ለክርስቲያን እንግዳ የተለየ ድስት አለን፤ አይሥጉ አባባ» አሉኝ። ሁዳዴ ነው፣ ሥጋ አልበላም አልኳቸው። ሆኖም ሽሮውን በዚያው በክርስቲያን ድስት ሠሩልኝ፤ ድስቱ እንግዳ ሲጠብቅ ስለከረመ መሰለኝ።

ይስማው ያን ሌሊት ከሚያስተምርበት ከጋፋት ስላልተመለሰ ሐሙስ እሱን ፍለጋ ወደዚያው በእግር ሄድኩ። ከማሳው መሃል በሚያልፈው መንገድ ሲመጣ አገኘሁት። ከስቷል፤ ጢም አውጥቷል።

«ጋሽ ድንቁ! ማን ሞተ?» አለኝ።

«ካርዱ ሞተ» አልኩና እንዴት እንደ ገደልኩት ነገርኩት። ሣቀ። ከዚያ ወደ ሰይድ ቤት ይዞኝ ተመለሰ።

ሳጥኑ የት ይሆን ያለው? ሸማኔ የሚሠራው እግሩን ጉድጓድ ውስጥ አውርዶ እንደሆነ የጉለሌ ሰው ያውቃል፤ እኛም ሠፈር እንዲሁ ነው። ሰይድ እግራቸውን የሚያሳርፉት በሳጥኑ ላይ ነበር። በዚያ ሰሞን ቤት ሲፈተሽ ቀዳዳ የሞላበት ካርድ ለማስረዳት ስለሚያስቸግር ይስማው እዚያ ደብቆታል።

«ሁለት ዓመት ረገጥኩት፤ አንድ ቀን አልተንቀሳቀሰም። ጥሩ ሳጥን ነው» አሉ ሰይድ።

ይስማው ሥራውን ሊያስረዳኝ ፈለገ። ከሰይድ ድር ላይ ሁለት ክር ያዘ። «ይኸኛው ሂያጅ፣ ያኛው መጪ ነው እንበል» አለና አጠጋግቶ ሁለቱንም በጥርሱ በጠሳቸው። ከዚያ የአንዱን ጫፍ ከሌላው ጫፍ ጋር አቀያይሮ ቋጠረው። «አሁን የዚህ ወገን ተስፈንጥሮ ወደ ምድር ይመለሳል፤ የዚያ ወገን ወደ ውጭ ይበራል።»

«ድሬን!» አሉ ሰይድ።

«ለዕውቀት ነው፣ ጋሽ ሰይድ።»

«ዕውቀት የራሷን ድር ትበጥስ!»

ይስማው ይቅርታ ጠየቀና ያስቸገረውን ነገር ተናገረ። ማሺኑ ጭራውን በካሬ በካሬ ከፋፍሎ ነው የሚያሰላው። ካሬው ሰፊ ሲሆን ክሩ መበጠስ ሳይኖርበት በማሺኑ ሻካራነት ይበጠሳል። የትኛው እውነተኛ ብጥስ፣ የትኛው የማሺኑ ጥፋት እንደሆነ መለየት ያቅታል።

ሰይድ የተበጠሰውን ክር ጫፍ ወደ ብርሃን አነሡት። «ይሄ ያንተ ጥርስ ነው፤ ድፍን ብሏል። በራሱ ደክሞ የሚበጠስ እንደ ጢም ይበተናል። ስጠራጠር ደግሞ ድሩን አጠብቄ እደግመዋለሁ። የክሩ ጥፋት ከሆነ እዚያው ቦታ ይበጠሳል፤ የእጄ ከሆነ ቦታ ይቀይራል።»

ይስማው ወረቀት አምጥቶ ለሰብለ ሁለት መሥመር ጻፈ፦ ካሬዎቹን በግማሽ አሳንሰሽ ድገሚው፤ ቦታውን ካልለቀቀ እውነተኛ ነው። እኔ «ይህን ቀድማችሁ አላሰባችሁትም?» ብዬ ጠየቅኩት። «አስበነው ነበር፤ ግን በዚህ ድፍረት አይደለም» አለ።

ካርዶቹን ቆጠርን፤ አራት መቶ አሥራ ሁለት ናቸው፤ ቁጥሩን ክዳኑ ላይ ጻፍነው። ሰይድ እንዳይበተኑ በመርፌ ላያይዛቸው አሉ። አይሆንም አልኩ፤ አንድ ቀዳዳ ከጨመርንበት ማሺኑ ሌላ ነገር ይሰማል። እንግዲያው መሥመር አስምር አሉኝ። በይስማው ኮፒያ እርሳስ አንድ ሰያፍ አሰመርኩ። ሰይድ አዩና «አንድ ክር ብቻውን አላምንም» አሉ፤ ተሻግሮ የሚያልፍ ሁለተኛ መሥመር አስጨመሩኝ። ሃያ ዓመት አንድ መሥመር ሳሰምር ኖሬ ይህ አልታየኝም።

ዓርብ ማለዳ አውቶቡስ አልነበረም። ተሽከርካሪ ሁሉ ለስብሰባ ተወስዷል፤ መቼ እንደሚመለስ የሚያውቅ የለም። ሰይድ ለቅዳሜ ገበያ ሸማ ወደ አንበሳሜ ሊወስዱ ነበር፤ ከዚያ ገበያው ሲበተን ወደ ባሕር ዳር የሚሄድ የጭነት መኪና አለ። «ለጁምዓ መንገደኛ ይቅርታ አለው፤ ስግደቴን መንገድ ላይ አደርሳለሁ» ብለው አህያዋን ጫኑ። ይስማው እስከ ከተማው ጫፍ ሸኘን። እዚያ ሲደርስ ሳጥኑን እንደ ልጅ ራስ አንድ ጊዜ ዳበሰው። «ይድረስላት፤ ከዚያ ወዲያ የጻፍኩት ነገር የለም» አለኝ።

ከቀትር በኋላ ዝናብ ያዘን። አንድ ወንዝ ልንሻገር ቁልቁል ስንወርድ አህያዋ ተንሸራተተች፣ ሳጥኑ ወደቀ፣ ክዳኑ ተከፈተ። አራት መቶ አሥራ ሁለት ካርድ ጭቃና ሣር ላይ ተዘራ። እኔ ቆሜ አየሁ። ሌላ የምሠራው ነገር አልታየኝም።

ማዶ የሚያርስ ገበሬ ጥማዱን አቁሞ መጣ። ስሙ ካሴ ነው። ምንነቱን ሳይጠይቅ መልቀም ጀመረ፤ እኛም ተከተልነው። ሲጨርስ «ቤቴ እዚህ ነው፤ እሳት አለ፤ ተነሡ» አለ። የኛ ሠፈር ሰው መጀመሪያ ይጠይቃል፤ ያነሣል ወይ አያነሣም የሚለው በኋላ ነው የሚታወቀው።

እቤቱ ስንቆጥር አራት መቶ አሥራ ሁለት ሞላ። የካሴ ባለቤት ጥሩወርቅ ትባላለች። ካርዶቹን ሰሌን ላይ በእሳቱ ዙሪያ ዘረጋቻቸው። እኔን ጋቢ አልብሳ፣ የገብስ ቂጣና ተልባ አብልታ አስተኛችኝ።

ቅዳሜ ጠዋት ስነሣ ካርዶቹ ደርቀው በሁለት ክምር ተቀምጠዋል።

«አባቴ፣ ለቀምኩልዎ» አለች ጥሩወርቅ። «ይኸኛው ደህናው ነው። ያኛውን ነቀዝ ጨርሶታል። ለዶሮ እንኳ አይሆንም።»

ቀዳዳቸው ጥቂት የሆነውን ለብቻ፣ የበዛውን ለብቻ አድርጋ ነበር። የይስማው ሥራ ሁሉ ያለው በነቀዙ ክምር ውስጥ ነው። አመሰገንኳት። አልጣለቻቸውምና ከልቤ ነው።

ኮፒያ እርሳስ ውሃ ሲነካው ይባስ ይደምቃል። ሁለቱ ወይን ጠጅ መሥመሮች ወፈር ብለው ይታዩ ነበር። እኔና ካሴ ሁለት ሆነን እያስጠጋን መደርደር ጀመርን። ከሁላችንም ካሴ በለጠ፤ ትልም የለመደ ዓይን መሥመር ሲጣመም ያመዋል። «ይህቺ ከፍ አለች። ይህቺ የዚያች ታናሽ ናት» እያለ አሰለፋቸው። ሰይድ እየተመለከቱ «እንደኔ ቢሆን በመርፌ እይዛቸው ነበር» አሉ።

ስንጨርስ ጥሩወርቅ አንዷን ካርድ ከጫፍ መዘዝ አድርጋ አየቻት። ምንም ቀዳዳ የላትም። «ይህቺ ግን ጤነኛ ናት። ብወስዳት ይጎዳዎታል?»

አንድ ሌሊት አሳድራኛለች። ካርዷ ደግሞ ባዶ ናት፤ ያልተናገረ ነገር ምን ይጎድላል? «ውሰጃት ልጄ» አልኳት።

አንድ ሰዓት ያህል ተጉዘን ዋርካ ሥር ስናርፍ እንደ ልማዴ ቆጠርኩ። አራት መቶ አሥራ አንድ። ሰይድ ደነገጡ። «አይደንግጡ፣ አንዷን የሰጠሁ እኔ ነኝ፤ ባዶ ነበረች፤ አትፈለግም» አልኳቸው። እንዲህ ስል ድምፄን አወቅሁት። ለቅመም ሻጯ ሳጥኑን ስሰጥ ያልኩት ቃል በቃል ይኸው ነው። ባዶዋ ካርድም ወይን ጠጅ ምልክት ነበረባት፤ ምልክት ያለበት ከነሱ ነው። ይህን ሕግ ወደ ማሺኑ ክፍል ለሚመጡ ተማሪዎች የምናገር እኔ ነኝ።

«ልመለስ ነው» አልኩ።

«መኪናው ያመልጥዎታል።»

«ያመልጠኝ።»

ሰይድ ትንሽ አሰቡ። «እንግዲያው ሳጥኑን እኔ ልያዝ፤ ቀድሜ ደርሼ መኪናውን አስጠብቃለሁ» አሉ። በዚያ ሁሉ መንገድ ከኔ ያልለየሁትን ሳጥን ለሳቸው ሰጥቼ ባዶ እጄን ተመለስኩ። ሁለት ዓመት የረገጡትን ሳጥን አይጥሉትም።

ጥሩወርቅ ካርዷን ከግድግዳው ስንጥቅ ላይ ሰክታታለች። በጢስ በጠቆረው ቤት ውስጥ ከሁሉ የምትነጣ እሷ ነበረች። አፍሬ ቆምኩ።

«ልጄ፣ የሰጠሁሽን ልቀማሽ ነው የመጣሁት።»

«ባዶዋን አይደል የወሰድኩት? እናንተ አዲስ አበቤዎች ባዶም ትቆጥራላችሁ?» አለች።

«እኛ ጋ ባዶውም ሥራ አለው መሰለኝ። ምን እንደሆነ አላውቅም።»

«ሳያውቁ ነው ይህን ሁሉ መንገድ የተመለሱት?»

«አውቄ የሰጠሁት መስሎኝ ነበር፤ አሁን ሳላውቅ ልመለስበት ብዬ ነው።»

ሣቀችብኝ። ካርዷን በነጠላዋ ጠርጋ፣ ለመንገዴ ቆሎ ጨምራ ሰጠችኝ። ሳልጠይቃት ያለችው ቢኖር «ጥርት ያለች ነበረች» ብቻ ነው።

አንበሳሜ ስደርስ ገበያው ተበትኗል፤ መኪናው የለም። ሰይድ ሳጥኑ ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው። «ሹፌሩን ለመንኩት፣ ሰደብኩት፣ ጎማው ሥር ድንጋይ አደረግሁበት። ድንጋዩን አንሥቶ ሄደ» አሉ። እሳቸውም አዳራቸውን ከኔ ጋር አደረጉ። እሑድ እስከ ዋናው መንገድ ድረስ አህያቸውን ይዘው ሸኙኝ፤ መንገዳቸው ግን በተቃራኒው ነበር። ስንለያይ «የተበጠሰው ቦታውን መልቀቅ አለመልቀቁን ላኩብኝ። እንቅልፍ ይነሣኛል» አሉኝ።

ባሕር ዳር መግቢያ ኬላ ላይ ፈታሹ ሳጥኑን ከፈተ። አንድ ካርድ ወደ ፀሐይ አንሥቶ በቀዳዳዎቹ አጮለቀ።

«ይሄ ምን ይላል?»

«ክር እንዴት እንደሚበጠስ ይላል።»

«የማን ክር?»

«የጁፒተር።»

«የየት ቀበሌ ሰው ነው?»

ከፀሐይ በአምስተኛ ደረጃ እንደሚገኝ ሰብለ የነገረችኝን ነገርኩት። የመውጫ ፈቃዴን ሁለት ጊዜ አነበበ፤ ማህተሙን በጥፍሩ ፋቀ፤ አልተፋቀለትም። ቀጥሎ ባዶዋን ካርድ አወጣ። እሷን ከሌሎቹ ሁሉ ይበልጥ ቆይቶ አያት። «ይህቺ ምንም አትልም» አለ።

«ለዚያ ነው አንድ ቀን ያስከፈለችኝ» አልኩት። ከኋላዬ ተራ የያዙት ሰዎች ማጉረምረም ሲጀምሩ መለሰልኝ።

ሰኞና ማክሰኞ በመጣሁበት መንገድ ተመለስኩ። ደብረ ማርቆስ ያው አልጋ ደረሰኝ፤ ጎድጓዳው አውቆኛል።

ረቡዕ ማለዳ ሰብለ የማሺኑ ክፍል በር ላይ ቆማ ነበር። ነቃዮቹም መፍቻቸውን ይዘው ደጅ ተቀምጠዋል። ሳጥኑን ሰጠኋት። ካርዶቹን አንድ በአንድ አየች፤ ሁለቱ ቦታ ተለዋውጠው አግኝታ አስተካከለች። ካሴ ሳያውቅ ይቅር፤ ያዝናል። ባዶዋ ጋ ስትደርስ ቆም አለች።

«ጋሽ ድንቁ፣ ይህቺን አለማጣትዎ! ሰው ሁሉ ባዶ መስላው የሚጥላት ናት። ማሺኑን ‹ቁጥሩ እዚህ ላይ አለቀ› የምትለው እሷ ናት። እሷ ባትኖር አላበቃም ብሎ ሁሉንም ነገር እንደ ቁጥር ይበላው ነበር።»

«አልጣልኳትም» አልኩ። ከዚህ በላይ ብናገር ውሸት ይሆናል።

ማሺኑ እስከ ምሳ አጉረመረመ። ከዚያ ካሬዎቹን በግማሽ አሳንሳ ደገመችው። ሊመሽ ሲል ሁለቱን የወረቀት ጥቅሎች መሬት ላይ ጎን ለጎን ዘረጋች። እኔ የሚታየኝ ቁጥር ብቻ ነው፤ ጤፍ የተዘራ ይመስላል። ሰብለ ተንበርክካ በእርሳስ ከቁጥር ወደ ቁጥር ሁለት ተሻጋሪ መሥመር አሰመረች፤ በካርዶቹ ጎን ላይ ሰይድ ካስጨመሩኝ ጋር አንድ ነው። በሁለቱም ወረቀት ላይ መሥመሮቹ የተሻገሩት እዚያው ቦታ ነበር። ቦታውን አልለቀቀም። እሷ ግን ለረጅም ጊዜ ከመሬት አልተነሣችም። ነቃዮቹ ሊገቡ ሲሉ «ትንሽ ቆዩ» ብዬ በሩ ላይ ቆምኩ፤ ሥራዬ በር ነውና።

ማሺኑ ሲሄድ ያልተበሳ ካርድ አንድ እሽግ ተርፎ ነበር። የክፍሉን ኃላፊ አስፈቅጄ፣ የተቀባይዋን ስም በደንብ ጽፌ አጣብቄበት፣ ወደዚያ በሚሄድ ሰው እጅ ለጥሩወርቅ ላክሁት። ለሰይድ ከወረቀቱ ጥቅል መሥመሮቹ የተሻገሩበትን ቆርጣ ሰብለ ራሷ ላከችላቸው፤ ለይስማው ሙሉውን። ሰይድ ቁራጩን ከሸማ ዕቃቸው በላይ ሰቅለውታል አሉ። ይስማውም ጢሙን ተላጭቶ እንደገና መጻፍ ጀምሯል።

የጥሩወርቅ መልስ የደረሰኝ ከፋሲካ በኋላ ነው። ያስጻፈችው ይህን ነው፦

«አባቴ፣ የላኩልኝ ደርሶኛል፤ እግዜር ይስጥልኝ። አንድ በአንድ ለቀምኳቸው። ነቀዝ የነካው የለም። ነገር ግን ሁሉም አንድ ጥጋቸው ተበልቷል። እዚያ ቤት አይጥ አለባችሁና ዕቃችሁን ሳይጨርስባችሁ ድመት ያዙ። ከጠፋም እኛ ጋ አራት ተወልደዋል፤ አንዷን ጥርት ያለችውን አስቀምጬልዎታለሁ።»